ከቀለሙ በታች ያለው ብረት

መርሳ ላይ የኅዳር ፀሐይ ገና በጠዋቱ ታቃጥላለች። ከደሴ ወልድያ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ፣ ማንጎ ጥላ ሥር፣ አንድ ፊያት 682 ኤን ትሬ ተፈታቶ ቆሟል። ጋቢናው ወርዶ ግንድ ላይ ተቀምጧል፤ ካሶኒው አጥሩን ተደግፏል፤ ሞተሩና ካምቢዮው በሸራ ተሸፍነዋል። መሀል ላይ የቀረው ሻንሲው ብቻ ነው፦ ሁለት ረጃጅም ብረቶች፣ የሚያያይዟቸው አግዳሚዎች፣ በላያቸውም ለአሥርተ ዓመታት የተጋገረ የዘይት፣ የግሪስና የአፈር ቅርፊት። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን በዚህ መስመር የጨረሱ ሾፌር ናቸው። ጎንበስ ብለው ቅርፊቱን በመፋቂያ ያነሣሉ። የእህታቸው ልጅ ደግሞ ግራይንደሩን ይዞ ቸኩሏል።

«አጎቴ፣ በዚህ ባስነካው ቶሎ አንጨርስም?»

«አብሽር፣ ትደርስበታለህ። ቅባቱ ሳይለቅ ግራይንደር ካስነካኸው ቅባቱን መልሰህ ብረቱ ላይ ነው የምታሸው። መጀመሪያ ይታጠብ።»

አጎትየው የተናገሩት የሥራው ሁሉ መነሻ ነው። የአሮጌ ከባድ መኪናን ሻንሲ ማጽዳት፣ ቀለሙን መግፈፍና እንደ አዲስ መቀባት ከሩቅ ለሚያየው የማስዋብ ሥራ ይመስላል። አውሮፓ ውስጥ አሮጌ መኪና ለሰልፍና ለትርኢት የሚያድሱ ሰዎች ዘንድ እውነትም ማስዋብ ሊሆን ይችላል። መርሳና ወልድያ ላይ ግን የታደሰው መኪና ነገ ጭነት ይዞ ዳገት ይወጣል። እዚህ ሥራው ከማስዋብ ይልቅ ምርመራ ነው። ብረቱ የተሰነጠቀበትን፣ የሳሳበትንና የተጣመመበትን በግልጽ ማየት የሚቻለው አሮጌው ቀለም ወርዶ አዲሱ እስኪቀባ ባለችው አጭር ጊዜ ነው። ይህችን ጊዜ በችኮላ ያለፈ ሰው የቀባው ብረቱን ሳይሆን ችግሩን ነው።

የጣሊያን ከባድ መኪና በዚህ መስመር ረጅም ታሪክ አለው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአሥመራ ተነሥተው በማይጨው፣ በአላማጣ፣ በወልድያና በደሴ አድርገው አዲስ አበባ የሚደርሰውን መንገድ ሲዘረጉ ይዘዋቸው ከመጡት መኪናዎች አንዱ ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» ያለው ፊያት 634 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 ለገበያ የቀረበ፣ በናፍታ የሚሠራ፣ ጉልበቱም 75 የፈረስ ጉልበት ገደማ የሆነ መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ ፊያት 682 ተከተለ። ስድስት ሲሊንደር ያለው ሞተሩ ከ10 ሊትር በላይ ነው፤ ኤን ትሬ የተባለው ዓይነት በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ስሙን የተከለውም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ጣሊያን ውስጥ በሌሎች ሞዴሎች ከተተካ በኋላ እንኳ ለአፍሪካ ገበያ እስከ 1988 ድረስ ሲመረት ቆይቷል፤ «የአፍሪካ ንጉሥ» የሚል ስምም ወጥቶለታል። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አምቼም የፊያትን፣ በኋላም የኢቬኮን ከባድ መኪናዎች እየገጣጠመ ይህን ዝምድና አጠናከረው። የጋራዡ ቋንቋ ራሱ የዚያ ዝምድና ልጅ ነው፤ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ሰርባቶዮ፣ ማርሚታ፣ ዳዶ፣ ቡሎን የማይል መካኒክ የለም።

እነዚህ መኪናዎች ዕድሜ ያገኙት ሻንሲያቸው ወፍራም ስለሆነና ጥገናቸው ስለማይከብድ ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ከውጭ ማስገባትን በእጅጉ አስወድዷል። በእጁ ያለውን መኪና ማደስ ለብዙ ባለንብረት የፍቅር ብቻ ሳይሆን የስሌትም ጉዳይ ሆኗል።

ወልድያ የመንገድ ከተማ ናት። በደቡብ በመርሳ በኩል ወደ ደሴ፣ በሰሜን አላውሃን ተሻግሮ ወደ ቆቦና አላማጣ፣ በምዕራብ በድልብ አድርጎ ወደ ጋሸናና ወረታ፣ በምሥራቅ በሐራና በጭፍራ በኩል ወደ ሚሌ ይወጣባታል። እያንዳንዱ አቅጣጫ በሻንሲ ላይ የራሱን ምልክት ይተዋል። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ መንገድ ከወልድያ ወጣ እንዳለ በጥምዝምዝ ዳገት ወደ ድልብ ይወጣል። እዚያ ላይ ጭነት የያዘ መኪና በእያንዳንዱ ጥምዝ የፊቱ ወደ አንድ ወገን፣ የኋላው ወደ ሌላ ወገን ይጠመዘዛል። ሻንሲው እንዲህ እንዲተጣጠፍ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ሆኖም ከልክ በላይ የጫነ መኪና በየቀኑ ሲጠመዘዝ ብረቱ ይደክማል።

የምሥራቁ መንገድ ጣጣ ሌላ ነው። አገሪቱ ከምትበላው ጨው አብዛኛው የሚመጣው ከአፍዴራ ነው፤ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ከሚገኘው የአፋር ሐይቅ። ጨው የጫነ መኪና ከካሶኒው ሥር ጨው ያንጠባጥባል፤ ይህ ጨው በሻንሲው ጥግና በብረት መደራረቢያዎች መካከል ይገባል። ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን ሲያገኙት ነው፤ ጨው ደግሞ እርጥበቱን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ አድርጎ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ከአየር ላይ ውሃ እየሳበ ስለሚይዝም ብረቱ በበጋ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይደርቅለትም። ዝገት ከመጣበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሁለት የተጣበቁ ብረቶች መሀል ሲገባ በኃይል ይገፋቸዋል፤ በጊዜ ብዛት ብረቶቹን የሚያያይዘውን ምስማር (ሪቬት) ጭንቅላት እስከ መበጠስ ይደርሳል። ጨው ሲያመላልስ የኖረን ሻንሲ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ሳያጥቡ መቀባት ጨውን ከቀለም በታች መቅበር ነው። ቀለሙ ውሎ አድሮ ያብጣል፤ ሲላጥም ከሥሩ አዲስ ዝገት ይገኛል።

ወደ መርሳው ግቢ እንመለስ። ቅርፊቱ መጀመሪያ በደረቁ ይፋቃል፤ የወረደው ሁሉ ከሥር በተነጠፈ ላስቲክ ላይ ይሰበሰባል። ቀጥሎ ናፍታ ወይም ላምባ በብሩሽ ይቀባና ቅባቱን እስኪያላላው ይጠበቃል፤ በሰጋቱራ ይጠረጋል፤ ከዚያ በሙቅ ውሃና በኦሞ ይታጠባል። ብዙ ሰው መኪናውን ወንዝ ዳር ወስዶ ማጠብ ይቀናዋል። መርሳ ግን በፍራፍሬዋ የምትታወቅ ናት፤ ማንጎዋ፣ ብርቱካኗና ፓፓያዋ የሚጠጡት ከወንዙ የሚጠለፈውን ውሃ ነው። የተቃጠለ ዘይትና የአሮጌ ቀለም ፍርፋሪ እዚያ ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም። በሰጋቱራ የተጠረገውን በበርሜል ማጠራቀም ጊዜ አይወስድም።

የተቃጠለ ዘይት ከተነሣ አይቀር፣ አንዳንድ ሾፌሮች ዝገት ይከላከላል ብለው ሻንሲውን በአሮጌ የሞተር ዘይት ይቀቡታል። ለጥቂት ጊዜ ውሃን ያርቅ ይሆናል። ግን አቧራ ይይዛል፣ የጎማ ክፍሎችን ያበላሻል፣ ስንጥቅ ይደብቃል፤ ኋላ ቀለም ልቀባ ቢሉም ቀለሙ እንዳይዝ ያደርገዋል።

ቅባቱ ከወጣ በኋላ ቀለሙን መግፈፍ ይመጣል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። በጥንት ከባድ መኪናዎች ላይ የተቀባው ቀለም፣ በተለይ የመጀመሪያው ዝገት ተከላካይ ሽፋን፣ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የተደነገገው ገና በ2010 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባን ቀለም በደረቁ በግራይንደር መፋቅ እርሳሱን አቧራ አድርጎ በግቢው ውስጥ መበተን ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አለመኖሩን ይናገራል፤ የአእምሮ እድገታቸውን የሚጎዳ ነገር ነውና። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ከግቢው መራቅ አለባቸው። ሠራተኛው ደህና የአቧራ ጭንብል ያድርግ፤ ፎጣ አፍ ላይ መጠምጠም አያድነውም። አሮጌውን ቀለም እያረጠቡ በመፋቂያና በብርጭቆ ወረቀት ማንሣት፣ የሠሩበትን ልብስ ቤት አለማስገባት፣ ከምግብ በፊት እጅ መታጠብ የግድ ነው።

ፋብሪካዎች ይህን ሥራ በአሸዋ ርጭት ይገላገሉታል። ቤት ውስጥ ግን ለዚያ የሚሆን አየር የሚሰጥ ትልቅ ኮምፕሬሰር አይገኝም። ቢገኝም ተራ የወንዝ አሸዋ መርጨት ሳንባን የሚያደነድን በሽታ ያመጣል፤ በብዙ አገሮች የተከለከለውም ለዚህ ነው። ኮስቲክ ሶዳም ቀለም ይገፋል፤ ቆዳና ዓይን ግን ያቃጥላል፣ አሉሚኒየምንም ይበላል። ለአንድ ቤተሰብ የሚሻለው ትዕግሥትና የሽቦ ብሩሽ ነው። ለትናንሽ ዳዶዎችና ቡሎኖች ደግሞ የመርሳ ሎሚ አለ፤ ጭማቂው ውስጥ አድረው ሲወጡ ዝገቱ በቀላሉ ይለቃል። ወዲያው ታጥበው መድረቅና ዘይት መነካት አለባቸው፤ አለዚያ አሲዱ መልሶ ያዝጋቸዋል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ብሩሽም ግራይንደርም መጠንቀቅ አለበት። የሻንሲ ቁጥሩ በብረቱ ላይ የተመታ ነው፤ በሊብሬው ላይ ካለው ጋር መመሳሰል አለበት። ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርቡም ሆነ ስም ሲያዛውሩ የሚታየው ይህ ቁጥር ነው። ዝገቱን ላጽዳ ብሎ ቁጥሩን በግራይንደር ያጠፋ ሰው ሕጋዊ መኪናውን አጠራጣሪ ያደርገዋል። ቦታው በእጅ፣ በለስላሳ ብሩሽና በላምባ ብቻ ይጽዳ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ፎቶ ማንሣት፣ ቁጥሩ ላይም ወረቀት ለጥፎ በመጻፊያ እርሳስ በማሸት ቅርጹን ማስቀረት ይገባል። ሲቀባም ቀጭን ይሁን፤ ቁጥሩ በወፍራም ቀለም መሞላት የለበትም።

ብረቱ ራቁቱን ከወጣ በኋላ የሚመጣው ሥራ ከሁሉ የሚያስደስተው ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘልለውም እርሱኑ ነው። አጎትየው በላምባ የራሰ ጨርቅ ይዘው የባሌስትራው መያዣ ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበትን አካባቢ ያሻሉ። ትንሽ ይቆዩና በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርገው ያደርቁታል። ከዚያ ጠመኔ በጣታቸው ያደቅቁና በላዩ ላይ ያብሱታል፤ ብረቱ ነጭ ይሆናል። ልጁም አጠገባቸው ቁጢጥ ይላል።

«ምንም የለውም እኮ፣ አጎቴ።»

«ቆይ እስቲ። መዶሻውን አቀብለኝ።»

በእንጨት እጀታው ቀስ እያሉ ብረቱን ይመታሉ። ጥቂት ቆይቶ ነጩ ላይ ከአንዱ ምስማር ጭንቅላት ተነሥታ ወደ ታች የምትሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጠቆር ያለች መስመር ብቅ ትላለች። ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ የነበረው ላምባ ነው፤ ጠመኔው መልሶ ሳበው። በዓይን ብቻ ቢሆን አትታይም ነበር።

ይህ የላምባና የጠመኔ ፍተሻ የፋብሪካ መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት የባቡርና የመርከብ ሠራተኞች ሲጠቀሙበት የኖረ፣ ዛሬም የሚሠራ ዘዴ ነው። የሚደረግባቸውም ቦታዎች ይታወቃሉ፦ የባሌስትራ መያዣዎች፣ አግዳሚዎቹ ከረጃጅሞቹ ብረቶች ጋር የሚገናኙባቸው ማዕዘኖች፣ ከጋቢናው ኋላ ካሶኒው የሚጀምርበት፣ ቀድሞ የተበየደ ቦታ ሁሉ፣ የመሪው ሳጥን የታሰረበትም። ጣሊያኖች ከባድ መኪናዎቻቸውን መሪያቸው በቀኝ ሆኖ ይሠሩ የነበረው ሾፌሩ በተራራ መንገድ ላይ የገደሉን ጠርዝ እንዲያይ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1964 ከግራ ወደ ቀኝ መስመር ከተሻገረች በኋላም እነዚህ መኪናዎች እንደዚያው ቀጠሉ። ስለዚህ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና ሲፈተሽ የቀኙ የፊት ብረት የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል።

ቀጥሎ ሲባጎ ይመጣል። ከፊት ግራ ጥግ እስከ ኋላ ቀኝ ጥግ፣ ከፊት ቀኝም እስከ ኋላ ግራ ይወጠራል። ሁለቱ ርዝመቶች እኩል ካልሆኑ ሻንሲው ተዛብቷል፤ ጎማ አላግባብ የሚበላበትና መኪናው ወደ አንድ ወገን የሚጎትትበት ምክንያት ምናልባት እዚህ ነው። የተዛባ ሻንሲ ቤት ውስጥ አይቃናም፤ መሣሪያው ያለው ጋራዥ መሄድ አለበት።

በወልድያ አካባቢ ሌላም ነገር ማየት ያስፈልጋል። ከተማዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ ነበር፤ በዚያ ጦርነት በአማራም በትግራይም መንገዶች ዳር ብዙ መኪና ተቃጥሎ ቀርቷል። እሳት በደንብ ያገኘው ሻንሲ ቢጸዳና ቢቀባ ከሌላው አይለይም፤ ብረቱ ግን ቀልቶ ከነበረ የቀድሞ ጥንካሬውን አጥቶ ሊሆን ይችላል። መሀሉ ላይ ወደ ታች የሰረጎደ፣ ላዩ እንደ ቅርፊት የሚረግፍ ጥቁር ሽፋን የያዘ ሻንሲ ከተገኘ በጥርጣሬ መታየት አለበት።

ስንጥቅ ሲገኝ ወዲያው ወደ በያጅ መሮጥ አይገባም። የሻንሲው ረጅም ብረት ቀጥ ብሎ የቆመ ወርድ አለው፤ ላይና ታቹም ወደ ጎን የታጠፈ ክንፍ አለው። ጭነት ሲመጣ ከሁሉ በላይ የሚጨነቁት እነዚህ ክንፎች ናቸው፤ የወርዱ መሀል ግን ያን ያህል አይጨነቅም። ስለዚህ ክንፉን መብሳትም ሆነ በክንፉ ላይ አቋርጦ መበየድ ሻንሲውን ማዳከም ነው። ልምድ ያለው በያጅ ስንጥቁ የሚያበቃበትን ነጥብ በትንሽ መሰርሰሪያ ይበሳና እንዳይቀጥል ያቆመዋል፤ ከዚያ ስንጥቁን ቦይ አድርጎ ይከፍተውና እስከ ሥሩ ይበይደዋል። ማጠናከሪያ ብረት ከተጨመረ ጫፎቹ ሰያፍ ሆነው መቆረጥ አለባቸው፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጫፍ ሌላ ስንጥቅ ይወልዳል። የወጣ ምስማር በተራ ቡሎን አይተካም፤ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የተጻፈበት ይፈለግ።

አሁን ነው ስለ ቀለም መናገር የሚቻለው።

ራቁቱን የቀረ ብረት ብዙ አይጠብቅም። ጠዋት የተጸዳ ሻንሲ ማታ ጤዛ ካገኘው ሲነጋ ቢጫ ብናኝ ለብሶ ይገኛል። ለዚህ ነው ሥራው በክረምት የማይያዘው፤ የበልጉ ዝናብም አይመችም። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። ጠዋት ጤዛው እስኪነሣ ይጠበቃል፤ ቀትር ላይ ብረቱ እጅ የሚያቃጥል ከሆነም አይቀባም፤ ቀለሙ ሳይዘረጋ ይደርቃልና። ከቀለም በፊት ሙሉው ብረት በቲነር በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ አንድ ጊዜ ይጠረጋል። ጥግ ጥጉ ላይ የቀረውን ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ማከሚያ ወደማይዝግ ጥቁር ሽፋን ይለውጠዋል፤ የላላ ዝገትን ግን አያክመውም፤ እሱ በእጅ መውረድ አለበት።

የመጀመሪያው አንቲረስት በብሩሽ ቢሆን ይመረጣል፤ በተለይ በምስማር ጭንቅላት ዙሪያ፣ በብረቱ ጠርዝና በመደራረቢያዎች። ቀለም ከሹል ጠርዝ ላይ ይሸሻል፤ መርጫ ብቻ ከሆነ ጠርዙ ቀጭን ሆኖ ይቀራል፤ ዝገትም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀጫጭን ሽፋን ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቅ ኢፖክሲ ከተገኘ ጥንካሬው ከተራ ቀለም ይበልጣል፤ ልኩ ግን በጣሳው ላይ እንደተጻፈው እንጂ በግምት አይደባለቅም። ከማጠንከሪያ ጋር የሚረጩ የማጠናቀቂያ ቀለሞች ውስጥ አስም የሚያስይዝ ኬሚካል ያለባቸው ስላሉ ያለ ተገቢ ጭንብል ግቢ ውስጥ መረጨት የለባቸውም፤ ለሻንሲ በብሩሽ የሚቀባ ጥቁር ሲንተቲክ ይበቃል።

ጎድጓዳ ቦታ የሚሞላበት ስቱኮ ደግሞ ለጋቢና ነው። ሻንሲ ላይ ስቱኮ መለጠፍ በምንም ምክንያት ትክክል አይሆንም። ሻንሲ ይተጣጠፋል፤ ስቱኮ አይተጣጠፍም። ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይይዛል፤ ከሁሉ የከፋው ግን ያንን የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከሚቀጥለው መርማሪ ዓይን ይሰውረዋል። ጭነት ይዞ ከድልብ ቁልቁል የሚወርድ መኪና ሻንሲው ቢለቅ የሚሞተው ሾፌሩና ረዳቱ ብቻ አይደሉም፤ ከሥር ወልድያ አለች።

ስለዚህ አሮጌ ከባድ መኪና ልትገዙ ወልድያም ይሁን ኮምቦልቻ ብትሄዱ፣ ሻንሲው በአዲስ ጥቁር ቀለም አብለጭልጮ ብታገኙት ከመደራደራችሁ በፊት ሻጩን የሥራውን ፎቶ ጠይቁት፤ ብረቱ ተገፎ፣ ሳይቀባ በፊት የተነሣውን። በደንብ የሠራ ሰው ፎቶውን በኩራት ያሳያችኋል። ፎቶ ከሌለ ላምባና ጠመኔ ይዛችሁ ከሥሩ ግቡ፤ የባሌስትራ መያዣዎቹ ዙሪያ ያለውን ቀለም በትንሹ ለመፋቅ ፈቃድ ጠይቁ። ካልተፈቀደላችሁ አትግዙ።